የነገው ፕሮግራም

ሽቦ የሚሉት ልጅ ስልኩን ከክፍሏ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ገመድ ጋር አገናኘና «እስቲ ጆሮ ስጡኝ!» ብሎ ተጫነው።

መጀመሪያ የመኪና ጥሩምባና የሰው ጫጫታ ተሰማ። ቀጥሎ አንድ ሰው ጮኸ። «አውርዱት! ስሜን አውርዱ አልኳችሁ! እኔው ሰቅዬው እኔኑ ታሙበታላችሁ? ስሜን አውርዱ!» መጨረሻ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀና ወደ ልቅሶ ዞረ።

ጠባቧ የሚኒ ሚዲያ ክፍል በሳቅ ተሞላች። ድሮ የተሰባበረ ወንበር ማስቀመጫ ነበረች። አሁን ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን ተለብጦ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ማይክና ሽቦ ብቻ የሚያውቃቸው ገመዶች ገብተውባታል። ልጁ ሽቦ የተባለውም በእነዚሁ ገመዶች ምክንያት ነው፤ ቅጥነቱም ሳያግዝ አልቀረም።

ደወል ጽሑፏን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። በየቀኑ በትልቁ ረፍት የትምህርት ቤቱን ፕሮግራም የምትከፍተው እሷ ስለሆነች ነው ደወል የተባለችው። ቤት ያወጣላትን ስም አሁን ከስም ጠሪው መምህር በቀር የሚያስታውሰው የለም።

ድምፁን ስትሰማው የመጀመሪያዋ አይደለም። ግቢው ውስጥ ያልሰማው አልነበረም። ከወራት በፊት አንድ ሰው ከአጥሩ ጥግ ካለው ምሰሶ ሥር ቆሞ፣ ምሰሶው ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጋር ሲጣላ ሽቦ በስልኩ ቀረጸው፤ ቅጂው ከስልክ ስልክ ዞረ። ሰውየውን «ምሰሶ» አሉት። ከዚያ ወዲህ መምህር የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ስም ሲጠራ ከኋላ ወንበር «ስሜን አውርዱ!» የሚል አይጠፋም። ደወልም ከሳቁት ጋር ስቃለች። እንዲያውም አንድ ቀን እሷ ራሷ ብላዋለች፤ ያልሳቀ ይጠረጠራል ብላ። ያን ዕለት እህል በአፏ ሳይዞር ተኛች።

ምሰሶ ታላቅ ወንድሟ ነው።

«እንደገና አጫውተው» አሉ የባዮሎጂ መምህሩ። ክበቡን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ሳምንቱ ስለ አእምሮ ጤና የሚማሩበት ሳምንት ስለነበር፣ ነገ በትልቁ ረፍት አንድ ድራማ ሊተላለፍ ነው፤ ጎረቤት ስላገለለው አንድ ሕመምተኛ። ችግሩ፣ ሕመምተኛውን ሆኖ የሚሠራው ልጅ ሲጮህ ሊታረድ የቀረበ ፍየል ይመስላል። መምህሩ ሦስተኛ ልምምድ ላይ ጭንቅላታቸውን ይዘው ነበር።

አሁን ግን ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው አልሳቁም። «ይኼ ነው እውነት» አሉ። «ድራማው ውስጥ ይኼን ሰምቶ የሚስቅ የለም። ልጁ የሚጮህበት ቦታ ላይ ይኼን አስገቡልኝ።»

«ተመስገን! ጉሮሮዬ አለቀ እኮ» አለ ተዋናዩ ልጅ።

ደወል ጽሑፏን አስቀመጠች። «ቲቸር፣ ግን… ሰውየው ይፈቅዳል?»

«ማን? ምሰሶ?» አለ ሽቦ። «ሂጂና አስፈርሚዋ! አቦ ፈታ በይ፣ ለቆ የለ እንዴ ሰውየው።»

«እንደሱ አይባልም» አሉ መምህሩ ቆጣ ብለው። «ምን ስንማር ሰነበትን?» ከዚያ ወደ ደወል ዞሩ፤ መልካም ሰው ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም፣ ነገሩን የከፋ ያደረገውም ይኸው ነው። «ፊቱ አይታይ፣ ስሙ አይጠራ። ማንንም አንጎዳም። ለበጎ ነው ልጄ።»

የሁሉም ዐይን እሷ ላይ ነበር። ሽቦ የቅርብ ጓደኛዋ ነው፤ ወንድሟ ሌላ ከተማ ሥራ ይዞ ሄዷል ብላ የነገረችውም ራሷ ናት። «እሺ» አለች። ከዚያ ወጥታ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ በዚያች እሺ ራሷን ስትረግም ሄደች።

ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው። እናቷ የድሮውን ሰፈር ጥለው ሲወጡ ይህን የተከራየችው ደወል በረፍት ሰዓት ብቅ ብላ ወንድሟን እንድታየው ብላ ነበር። ምሰሶው ትዝ አላላትም። ያን ድምፅ ማጉያ ከዓመታት በፊት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን በነበረበት ጊዜ የሰቀለው ራሱ ወንድሟ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ጆሮ ግን ሕመሙ ከጀመረው ወዲህ አልባድ ብሎት ነበር። ሰው ሁሉ ስለ እሱ ሲያወራ ይሰማው ነበር። በገቡ በሳምንቱ ያ የሰቀለው ዕቃ በረፍት ሰዓት ሲንጫጫ፣ ስሙን የጠራው መሰለው፤ ወጣና ከሥሩ ቆሞ ጮኸ። በዚያው ሆስፒታል ገባ። ሲመለስ ከስቶ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ ነበርና ምሰሶ እሱ መሆኑን ያወቀ የለም። ለአከራይዋ «ጨጓራ ነው» ተባለ። ጨጓራ የማይሸፍነው ጉድ የለም።

ደወል ነገሩን ለእናቷ የነገረቻት ማጀት ውስጥ ነው። እናቷ ክር ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ማሽን ሲያደነቁራት ስለኖረች ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብላ ታወራለች፤ ስለ ልጇ ስታወራ ብቻ ትንሾካሾካለች።

«የማን ድምፅ መሆኑን አውቀዋል?»

«አላወቁም።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ? አፍሽን ሰብስቢ።»

«እሱ ይሰማል እማዬ!»

«መስኮቱን ዘግቼለት እሄዳለሁ።»

«ይከፍተዋል። የራሱን ድምፅ እኮ ነው የሚያሰሙት! ድምፅ ማጉያው ስለ አንተ አያወራም፣ አያወራም ስንለው ከርመን፣ ነገ በእውነት ሊያወራበት ነው!»

«ቀስ በይ!» እናቷ በሩን ገፋ አደረገችው። «ስሚኝ። ያኛውን ሰፈር ለምን ለቀቅን? ልጆቹ በር በሩን በድንጋይ ሲሉት ረሳሽው? እዚህም ከታወቀ ወዴት ልሂድ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንቺስ? ነገ ከነገ ወዲያ ትዳር ትይዣለሽ፣ የማን እህት ናት ሲባል…»

«እማዬ፣ ገና የሒሳብ ፈተና አላለፍኩም።»

እናቷ ልትስቅ ብላ ተወችው። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «እኔ ሳላዝን ቀርቼ ነው? ነገም ድርብ ፈረቃ ነኝ። ብቀር ያባርሩኛል። ገመናችንን ይዘን እንኑር፣ እባክሽ።» ሰርቪስ እንዳያመልጣት እየተጣደፈች ወጣች።

ወንድሟ ጓዳ ጠረጴዛው ላይ የአከራይዋን ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ እየበየደ ነበር። መድኃኒቱ እጁን ስለሚያንቀጠቅጠው የአንዲቷን ትንሽ ዕቃ እግር ለመበየድ ሦስት ጊዜ ይሞክራል። ቢሆንም ይሞክራል።

«መጣሽ ሚጡ? እህሳ፣ የነገው ፕሮግራም ምንድን ነው?»

ይህ የሁለቱ ልማድ ነው። ከሆስፒታል የመጣ ሰሞን ረፍት በደረሰ ቁጥር ላብ ያጠምቀው ነበር። አንድ ማታ ደወል በማግስቱ የምታነበውን በሙሉ ነገረችው። በማግስቱ ድምፅ ማጉያው ያንኑ አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ሁለተኛም ሦስተኛም ቀን እንደዚያው። እንደዚህ እያለ ልቡ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሐኪሙ ሲሰማ «ቀጥሉበት፣ ከእኔ መድኃኒት ጋር አብሮ ይሂድ» አለ። አሁን ረፍት ሲደርስ መስኮቱን ከፍቶ ወንበሩን አስጠግቶ ይጠብቃል።

«ሰላምታ አለ» አለች ደወል። «የእግር ኳስ ውጤት። የጠፋ ጃኬት ማስታወቂያ። ከዚያ ድራማ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ሕመምተኛ። እንደ… አንተ ያለ።»

መበየጃውን አስቀመጠ። ደወል የመስኮቱን መጋረጃ ታይ ጀመር።

«ሕመምተኛውን ማን ነው የሚሠራው?»

አሁን መናገር ነበረባት። አሁን ነበር ጊዜው። «አንድ ልጅ ነው» አለች። «ሲጮህ ፍየል ነው የሚመስለው።»

ወንድሟ ሳቀ፤ ከሆዱ ሳቀ። ደወል ይህን ሳቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! ከዚያ አገጩን እያሻሸ አሰበ። «ለምን ይጮኻል? እኔ የጮህኩት አንድ ቀን ነው። ሌላውን ጊዜ ሁሉ ዝም ነበር ያልኩት። ሰው በሩን ሲያንኳኳ ዝም፣ እማዬ ብላ ስትለኝ ዝም። ልጁን ዝም በል በይው። ዝምታውን ይሥራው።»

«እነግረዋለሁ።»

«ደግሞ አትጨነቂ። ሰው ሲያወራብኝ ነው የሚያመኝ፤ ካንቺ አፍ ከሰማሁት ምንም ይሁን ምን እችለዋለሁ።»

ደወል ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች። ልማዱን ከጀመሩ ወዲህ ስትዋሸው የመጀመሪያዋ ነበር። ማጀት ገብታ ውሃውን ሳትቀዳ ብርጭቆውን ይዛ ቆመች።

በማግስቱ ከትልቁ ረፍት በፊት የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ነበር። አጭር ፈተና ተፈተኑ። አንደኛው ጥያቄ «የአእምሮ ሕመም እንደ ማንኛውም ሕመም ነው። እውነት ወይስ ሐሰት?» ይላል። ክፍሉ በሙሉ እውነት አለ። ወረቀት ሲሰበሰብ የአንዱ ልጅ ስም ተጠራና ከኋላ ያው የተለመደው ተጮኸ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ደወል ሌሎቹ ሳይደርሱ ወደ ሚኒ ሚዲያው ሮጠች። ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ ቅጂውን አገኘችው፣ አጠፋችው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» ሽቦ በሩ ላይ ቆሟል። ጠጋ ብሎ አየና ትከሻውን ነቀነቀ። «ጠፋ እንዴ? ችግር የለም፣ ስልኬ ላይ አለ። ባይኖርም ከማንም አገኘዋለሁ።»

እውነቱን ነው። ግቢው ውስጥ ባለ ስልክ ሁሉ ላይ አለ። አጥፍታ የምትጨርሰው ነገር አልነበረም። መምህሩና ተዋናዩ ልጅ ገቡ። ሽቦ ስልኩን ከገመዱ ጋር አገናኘ። በግድግዳው ቀዳዳ ምሰሶው ይታያል፤ ከምሰሶው ማዶ የቤታቸው ጣሪያ፣ ከጣሪያው ሥር ክፍት መስኮት።

«ሽቦ፣ ንቀለው» አለች።

«ምኑን?»

«ስልኩን። ድምፁ የወንድሜ ነው።»

ሽቦ የሳቀ መሰለ፤ ፊቷን ሲያይ ሳቁ ግማሽ ላይ ቀረ። «ወንድምሽ… ሌላ ከተማ አይደል እንዴ?»

«ዋሽቼህ ነው። ያውና ቤታችን። አሁን መስኮቱ ጋ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው። ምን እንደምንል ትናንት ነግሬዋለሁ። ይኼን አልነገርኩትም። ከሰማው ይገድለዋል ሽቦ። እሱን ይገድለዋል።»

ሽቦ ስልኩን ነቀለ፤ ሲነቅል ገመዱን በጠሰው። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ልጄ፣ ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁሉም ይስቁ ነበራ። እኔም ስስቅ ነው የከረምኩት።»

መምህሩ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጆሯቸው ቀልቷል። ቀና ሲሉ ግን ዐይናቸው ውስጥ ሌላ ሐሳብ ነበር። «አንቺ ራስሽ ብትነግሪያቸውስ? በራስሽ አንደበት? ከዚህ ድራማ መቶ እጥፍ…»

«የእሱ ገመና ነው ቲቸር። ሳልጠይቀው አልሰጥም።»

ይህን ስትል ለራሷም ገረማት። «ልክ ነሽ» አሉ መምህሩ። «ድራማው ይቅር።»

«አይቀርም! ድራማ አለ ብዬዋለሁ። ያልኩት ሁሉ መኖር አለበት።» ወደ ተዋናዩ ልጅ ዞረች። «አንተ አትጮህም። ዝም ነው የምትለው። እኛ በሩን ስናንኳኳ፣ ስንጠራህ፣ ዝም።»

«በድምፅ ማጉያ ዝም? ማን ይሰማዋል?»

«ዝም በለኝ ብቻ!»

ደወሉ ተደወለ። ሽቦ የተበጠሰውን ገመድ በጥርሱ ልጦ መልሶ አገናኘና አውራ ጣቱን አሳያት። ሰላምታውን አነበበች። የኳሱን ውጤት አነበበች። የጠፋው ጃኬት ሰማያዊ መሆኑን ለግቢው ሁሉ አስታወቀች። ከዚያ ጠረጴዛውን እንደ በር አንኳኳችና ሕመምተኛውን ጠራችው።

ዝም።

እንደገና አንኳኳች። ዝም። ግቢው መጀመሪያ ተንጫጫ፤ «መብራት ጠፋ!» ያለ ነበር፤ የሳቁም ነበሩ። ሦስተኛ ስታንኳኳ ጫጫታው ትንሽ በረደ። ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው ከዚያች ክፍል ሆኖ ማወቅ አይቻልም ነበር። ደወል የምታየው መስኮቱን ብቻ ነው።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ተዋናዩ ልጅ ለአንድ ሰው ብቻ፣ በምስጢር፣ በአምላክ ስም አስምሎ ነገረ። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ወሬው ክፍላቸው ደርሶ ነበር። አብራት የምትቀመጠው ልጅ መጽሐፏን አነሳችና ቀስ ብላ ወንበር ቀየረች፤ የሚተላለፍ ነገር ይመስል። በኮሪደሩ ስታልፍ አንዱ «የምሰሶ እህት!» አለ። አንዲት የማታውቃት ትንሽ ልጅ ደግሞ ሸሚዟን ጎተት አድርጋ ልትናገር ብላ፣ ጓደኞቿ ሲጠሯት ትታ ሮጠች። ምን ልትል እንደነበር ደወል አላወቀችም።

ሽቦ በሩ ድረስ ሸኛት። ስልኩን አሳያት፤ አጥፍቶታል። «ግን ነፍ ሰው ጋ አለ» አለ መሬት መሬት እያየ። «የላክሁላቸው እኔ ነኝ። አላወቅኩም ነበራ።»

«የማታውቀው ሰው ቢሆንስ?» አለች ደወል።

ሽቦ ቆሞ ቀረ፤ እሷም አልጠበቀችውም።

ወንድሟ ሬዲዮውን ገጥሞ ጨርሶ ነበር። ፊቱ በርቷል። «ልክ እንዳልሽው ነበር! አንድ ቃል አልጨመሩ፣ አልቀነሱ። ዝም ሲል እኔም መብራት የጠፋ መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ገባኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ፍየል አይደለም።» የመስኮቱን ደፍ በእጁ ጠረግ አደረገ። «ከነገ ጀምሮ አትንገሪኝ። ዝም ብዬ እሰማለሁ፣ እንደ ሰው።»

ደወል ዝም ብላ ብትተወው ዛሬን ይደሰታል፤ ነገ ግን በረፍት ሰዓት አጥሩ ላይ የሚንጠላጠል አይጠፋም፤ መስኮቱም ክፍት ይሆናል። የእናቷን ሹክሹክታ አስታወሰች። ማታ ስትመጣ ምን እንደምትላት አታውቅም ነበር።

ከአጥሩ ማዶ አንድ ልጅ ጮኸ፤ ሩቅ ስለነበር ቃሉ አልተለየም። ወንድሟ ጆሮውን ቀና አደረገ።

ደወል ሌላውን ወንበር ጎትታ በእሱና በመስኮቱ መካከል ተቀመጠች።

«ወንድም ጋሼ፣ የነገውን አልነግርህም» አለች። «የዛሬውን ነው የምነግርህ። ያልተላለፈውን።»

ወንድሟ ሬዲዮውን ወደ ጎን አደረገና እጆቹን፣ እንዳይንቀጠቀጡ ይመስላል፣ ጉልበቶቹ መሃል አስገባቸው።

«በይ» አለ።

ሽቦ ስልኩን ከገመዱ ጋር ካገናኘበት ጀምራ ነገረችው።